ደረቅ ወይን ምንድን ነው? አፍ የሚያደርቀው አይደለም

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ባለ ስቴክ ቤት ነው። ነጭ ጠረጴዛ ልብስ የለም፤ ልጆች ወረቀት ላይ ቀለም ይቀባሉ፣ አባቶች ኳስ ያያሉ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ ያገሬ ሰው የወይን ዝርዝሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ማልቤክ የሚባለውን ቀይ ወይን አዘዙ። አንዴ ተጎነጩ። ከዚያ ፈረዱ፦ «እዚህ ቤት ደረቅ ወይን የለም። ይሄ ይጣፍጣል። ዝርዝራቸው የማይረባ ነው።» ገበታው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጠጡት ደረቅ ወይን ነው።

ደረቅ ማለት ስኳሩ ያለቀ ማለት ነው። እርሾው የወይኑን ስኳር በልቶ አልኮል አድርጎታል። ያ ማልቤክ በሊትር 2 ግራም ገደማ ስኳር ነው የቀረው። በአንድ ብርጭቆ ሲሰላ የሻይ ማንኪያ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በሊትር እስከ 4 ግራም ያለውን ደረቅ ይለዋል። (ኮምጣጣነቱ ከፍ ካለ እስከ 9 ይፈቅዳል። ይሄን ካልጨመርኩ የሙያ ጓደኞቼ አይለቁኝም።)

ችግሩ በከፊል ቋንቋችን ነው። «ደረቅ መጠጥ» ስንል ውስኪና አረቄ ማለታችን ነው። ስለዚህ ደረቅ ወይን ሲባል ጉሮሮ የሚያቃጥል ነገር እንጠብቃለን። ከዚያ የባሰው ግን ሁለተኛው ስህተት ነው፤ አፍ ካላደረቀ ደረቅ አይደለም ማለት።

በጠጅ እንየው። ብርዝ እርሾ ገና ያልሠራበት የማር ውሃ ነው። ጠጅ ቤት ገብተው «ለስላሳ» ካሉ ማሩ ገና ያለበት ይቀዳልዎታል። «ደረቅ» ካሉ ማሩ ያለቀለት፣ ጠንከር ያለው ይመጣል። ትክክለኛው ትርጉም ይኸው ነው! ብርሌ ይዞ የማይሳሳት ሰው፣ የወይን ብርጭቆ ሲይዝ ምን እንደሚነካው አይገባኝም።

አሁን ጌሾውን ያምጡ። ጌሾ የበዛበት ለስላሳ ጠጅ ይመራል፤ ማሩ ግን እዚያው አለ። ጌሾ ያነሰው ደረቅ ጠጅ ምሬቱ ቀለል ይላል፤ ማሩ ግን አልቋል። ጌሾና ማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቀይ ወይን የጌሾውን ቦታ የሚይዘው ታኒን ነው፤ ከወይኑ ልጣጭና ከዘሩ ይመጣል፣ ከበርሜሉም ይጨመርበታል። ቅጠሉ ውስጡ የተረሳ ሻይ ሲጠጡ ምላስ የሚይዘው እሱ ነው። ምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና አፍን ያደርቃል። ከቀይ ወይኖች ካቤርኔ የሚባለው ብዙ አለው፣ ፒኖ ኗር የሚባለው ጥቂት። ሁለቱም ግን ደረቅ ሊሆኑ ይችላሉ።

ታዲያ ጋሼ «ይጣፍጣል» ያሉት ምንድን ነው? ሽታው ነው። የበሰለ ፍሬ ይሸታል፣ ከኦክ በርሜሉ ደግሞ ቫኒላ። በወይራ የታጠነ ጋን ጠጁን መዓዛ ይሰጠዋል እንጂ ማር አይጨምርበትም አይደል? እንደዚያው። (የታጠነ ጋን ቫኒላ አይሸትም፤ ምሳሌውን ከዚህ በላይ አልጎትተውም።) ካላመኑኝ አፍንጫዎን በሁለት ጣት ይዘው ይጎንጩ። ጣፋጩ ድራሹ ይጠፋል። ስኳር ቢሆን ኖሮ ምላስዎ ላይ ይቀር ነበር።

ግማሽ እውነት ግን አላቸው። አሜሪካ ውስጥ አምራቹ የስኳሩን መጠን ጠርሙሱ ላይ የመጻፍ ግዴታ የለበትም። ርካሽ ከሆኑት ቀዮች አንዳንዶቹ ሳይናገሩ ጥቂት ስኳር ይዘው ይመጣሉ። ሻምፓኝ ላይማ ነገሩ ይገለበጣል፤ «ኤክስትራ ድራይ» (ቃሉ «እጅግ ደረቅ» ማለት ነው) ተብሎ የተጻፈበት «ብሩት» ከተጻፈበት ይበልጥ ይጣፍጣል። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።

ዝርዝሩ ላይ ጣፋጭ መገኘቱም ነውር አይደለም። ሮዝማው ዋይት ዚንፋንዴል በጣፋጭነቱ የታወቀው በ1975 በሰተር ሆም የወይን ፋብሪካ ነው፤ እርሾው ስኳሩን ሳይጨርስ ሥራ አቆመ፣ ስኳር የቀረበትን ወይን ሕዝቡ ወደደው። ሚጥሚጣ ከቦርሳዋ አውጥታ ስቴኩ ላይ ለምትነሰንስ እህቴ ደግሞ ካቤርኔ አላቀርብላትም፤ አልኮሉና ታኒኑ ቃጠሎውን ያብሱታል። ጣፈጥ ያለ ሪዝሊንግ የሚባል ነጭ ወይን ነው የምሰጣት።

እንደኛ ያለ ቤት ላይ መፍረድ ከፈለጉ ዝርዝሩን ይተዉትና ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ ይጠይቁ። ቅዳሜ ማታ ማልቤክ በሰዓት ውስጥ ያልቃል። ማንም የማያዘው ቀይ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ባሩ ላይ፣ ከቡና ማሽኑ አጠገብ ሲሞቅ ሊከርም ይችላል። እሱን ቀድቼልዎት ቢቆጡ እውነት አለዎት።

ጋሼ ስቴካቸው ሲመጣ (በደንብ የበሰለ፣ እንደ ጫማ ሶል) ሁለተኛ ብርጭቆ አዘዙ። ያንኑ ማልቤክ።