የሃይማኖት ግጭት ምንድን ነው? ከጎንደር ታሪክ አንጻር

የሃይማኖት ግጭት የሚባለው ተጋጪዎቹ ወገን የሚለዩት በእምነታቸው የሆነበት ጠብ ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን ለምን እንደተጣላ ማወቅ ሌላ ነው፤ ጥፋተኛው ሃይማኖት ነው ወይስ ፖለቲካ የሚለው ክርክር መቋጫ የሚያጣውም ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ጥያቄዎች ስለሚደባለቁ ነው። ለጎንደር ሰው ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው ከእንዲህ ዓይነት ጦርነት ማግስት ነውና።

አፄ ሱስንዮስ የፖርቱጋልን ወታደራዊ እርዳታ ተስፋ አድርገውና ዙፋናቸውን ለማጽናት አስበው ወደ ካቶሊክ እምነት አዘነበሉ፤ በ1618 ዓ.ም. ለሮም ጳጳስ መታዘዛቸውን በይፋ አወጁ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ በአመዛኙ የቤተ መንግሥት ስሌት ነበር ማለት ይቻላል። ፓትርያርክ ሆነው የመጡት አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግም ክህነት እንዲቀበሉ፣ ቅዳሜን ማክበርና ግዝረትም እንዲቀሩ ባዘዙ ጊዜ ግን ጉዳዩ እያንዳንዱ ገበሬ ቤት ገባ። የላስታ ገበሬ የአባቶቹ ጥምቀት ከንቱ ነው መባሉን ሊሸከም አልቻለም። በ1624 ዓ.ም. የንጉሡ ጦርና ያመፀው የላስታ ገበሬ በወይና ደጋ ተጋጥመው ከደረሰው እልቂት በኋላ ንጉሡ ሃይማኖቱን ወደ ቀድሞው መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻቸው አደረጓት። ስለዚህ በዚህ ጦርነት እምነት ሽፋን ብቻ ነበር የሚሉትን አልቀበልም፤ ብዙዎች የሞቱት ከልባቸው ላመኑበት ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ በጎንደር ሊቃውንቱ በቅባትና በተዋሕዶ፣ ማለትም የክርስቶስን አምላክነትና ሰውነት በተለያየ መንገድ በሚያስረዱ ሁለት ትምህርቶች፣ ጉዳይ በተደጋጋሚ ተከራከሩ። ክርክሩ የምር የነገረ መለኮት ክርክር ነበር። ይሁን እንጂ ቅባት በጎጃም፣ ተዋሕዶ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ዘንድ ሥር የሰደደ ስለነበር፣ ንጉሡ አንዱን ረቺ ብሎ ሲያውጅ የአንዱን አገር ድጋፍ ማትረፉ፣ የሌላውን ማጣቱ ነበር። አፄ ቴዎፍሎስ ጎጃምን ለማግባባት ወደ ቅባት አዘነበሉ፤ በአፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን ደግሞ ለቅባት የተሰጠውን ብይን የተቃወሙ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በዚሁ በጎንደር ከተማ ተገደሉ። ክርክሩን ያመጣው ሃይማኖት ነው፤ ወደ ግድያ ያደረሰው ግን ብይኑ በጦር ባለቤት እጅ መሆኑ ነው።

ከሁለቱ ምረጥ ብባል ከባዱን ድርሻ ለፖለቲካ እሰጣለሁ፤ የሃይማኖት ድርሻ ግን በሌላ በኩል ይታያል። የመሬትና የሥልጣን ጠብ ሽማግሌ ተቀምጦበት ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ ቅዱስ የተባለ ነገር ግን እንዲህ አይከፈልም። ከዚህም በላይ እምነት ጠብን ከመንደሩ አሻግሮ ይወስደዋል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማችን በጎንደር ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ የሙስሊሞች መካነ መቃብር፣ በቀብር ሰዓት የተነሣው ጠብ የሰው ሕይወት ቀጠፈ። በዚያ ሰዓት ስለ ዶግማ የተከራከረ ሰው አልነበረም። ነገር ግን በቀናት ውስጥ በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ የዚያ ከተማ ክርስቲያኖች በጎንደሩ ጠብ አንዳች ድርሻ አልነበራቸውም፣ ከጎንደር ክርስቲያን ጋር የሚያገናኛቸውም እምነታቸው ብቻ ነበር።