ሰሜን ሸዋ እና የስልክ ላይ ፕሮፓጋንዳ

ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። አንዱ በአማራ ክልል ያለው ሲሆን ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ነው፤ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሌላው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ዋና ከተማው ፍቼ። «ሰበር ዜና፦ በሰሜን ሸዋ» ብሎ የሚጀምር ፖስት ታዲያ ብዙ ጊዜ የትኛውን እንደሆነ አይናገርም። አንባቢው በየልቡ ይሞላዋል። ለፕሮፓጋንዳ ሠሪ ይህ ትልቅ ሲሳይ ነው።

ነገሩ ከስልክ በፊትም ነበር። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ «ሰልመዋል» የሚል ነበር። ለማሳመኛ የተቀናበረ ነው የሚባል ፎቶግራፍም ተሰራጭቷል። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሸኖ አካባቢ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ።

ዛሬም ከባዶ የሚፈጠር ሐሰት ጥቂት ነው። የሚበዛው እውነተኛ ቪዲዮ ሆኖ ቀኑ ወይም ቦታው የተቀየረ ነው። ከዚህም የሚብስ አለ። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ በአማራው ሰሜን ሸዋ በአጣዬ ከተማና አካባቢው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ነዷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሟች ብቻ ያሳያል። ፎቶው ሁሉ ትክክል ሆኖ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። ይህን ዓይነቱን ማጋለጥ ከሁሉም ይከብዳል።

ፍጥነቱን የሚሰጠው ንዴት ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ የንዴት ኢሞጂን ከላይክ 5 እጥፍ ይመዝን ነበር። የቀድሞ ሠራተኛው ፍራንሲስ ሃውገን በመስከረም 2014 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳለች። ዩቲዩብ ላይ በእይታ፣ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ደግሞ በስጦታ ገንዘብ ይገኛል። ተናጋሪው ባሕር ማዶ ከሆነ ንዴቱ እሱ ቤት አይደርስም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይባስ ይሆናል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት ቆየ። በደሴ መንገድ ላይ ስላለችው ሸዋ ሮቢት የሚያወራው ሁሉ ኔትወርክ ያለው የሩቅ ሰው ሆነ። ወሬው ወደ ባለቤቱ የሚመለሰው በመደበኛ ጥሪ ነው፦ «ሰላም ናችሁ? የጣርማ በር መንገድ ተዘጋ አሉ!» «ኧረ እኛ ምንም አልሰማንም።»

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት ለሚያሰራጭ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ደንግጓል። የቤተሰብና የአብሮ አደግ ቴሌግራም ግሩፕ ግን 5,000 ሰው የለውም። ወሬው የሚታመነው ደግሞ እዚያ ነው፤ የላከው አጎት ነዋ!

ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ አጠራጣሪ ምስሎችን እያጣሩ በአማርኛ ያወጣሉ። ማረሚያው የወሬውን ያህል አይሮጥም። በደሴ መስመር ያሉ ከተሞች ነዋሪዎች ግን የራሳቸው ማጣሪያ አላቸው፤ በዚያ ቀን ያለፈ ሾፌር ጋ መደወል። መንዝ ውስጥ ከዋናው መንገድ የራቀ ቀበሌ ይህም የለውም።