የአኻያ ችካል ምንድን ነው? አንዱ ጸድቆ ሌላው ለምን ይደርቃል?

አኻያ ውሃ ወዳድ ዛፍ ነው። በእኛ አገር ወንዝ ዳር ይበቅላል፤ ቅርንጫፉም ለመፋቂያ ይቆረጣል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ዝርያ አለው፤ ጎርፍ የሸረሸረውን የወንዝ ዳርቻ ለማስያዝም ይተክሉታል።

የሚተከለው ታዲያ ችግኝ አይደለም፤ ሥር የሌለው እንጨት ነው። ቅጠሉ ረግፎ አዲሱ ሳይፈነዳ ቅርንጫፉ ይቆረጣል። ታችኛው ጫፍ ይሾልና እንደ ድንኳን ካስማ መሬት ውስጥ ይመታል። ችካል የሚባለው ለዚህ ነው። አኻያ ከልጡ በታች ገና ያልወጡ የሥር ጅምሮች አሉት። እርጥበት ሲያገኙ ይነቃሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ችካሉ እርጥበት ባነሰው አፈር ውስጥም ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። በእንጨቱ ውስጥ የተጠራቀመ ስንቅ አለ፤ በእሱ ያቆጠቁጣል። የተከለው ሰው «ጸደቀ!» ብሎ ይደሰታል። ፀሐዩ ሲበረታ ግን ቅጠሉ ውሃ ይጠይቃል። ከታች ስቦ የሚያቀብል ሥር የለም። ችካሉ እንደቆመ ይደርቃል። ስለዚህ ቅጠል አይታችሁ አትፍረዱ።

መጠኑ ወሳኝ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውፍረቱ ስንቅ ነው፤ እርሳስ የምታህል ቀጭን ዘንግ ስንቋም ትንሽ ነው፣ ቶሎም ትደርቃለች። ርዝመቱ ደግሞ ውሃ መድረሻ ነው። የተለመደው ችካል ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከርዝመቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው መቀበር አለበት። ከላይ ብዙ ከቀረ ነፋስና ፀሐይ ያደርቁታል። ደረቅ በሆነው ምዕራብ አሜሪካ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ግንድ የሚተክሉም አሉ፤ ታችኛው ጫፍ በበጋው ከሚቀረው ውሃ ጋር እንዲገናኝ ነው። እኔ ከውፍረትና ከርዝመት አንዱን ምረጥ ብባል ርዝመቱን እመርጣለሁ። የወፈረ ችካል ውሃው ጋ ካልደረሰ ስንቁን ጨርሶ ይሞታል።

ውሃ ሲበዛስ? አኻያ ከብዙ ዛፎች የተሻለ ጎርፍ ይችላል። ሆኖም ውሃ በተኛበት ጭቃ ውስጥ አየር ስለሚጠፋ ሥሩ ወደ ታች መግፋት ያቅተዋል። እርጥብ ሆኖ አየር የሚያስገባ አፈር ይስማማዋል። ጉድጓዱ ከችካሉ ሰፍቶ ክፍተት ከቀረም ሥሩ ባዶ ቦታ ላይ ይደርቃል፤ አፈሩ ከውሃ ጋር ተጠቅጥቆ ችካሉን መንካት አለበት።

ከመትከል በፊት ቅርንጫፎቹን ለጥቂት ቀናት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይረዳል። ቅጠል የሚወጣባቸው ዓይኖቹ ወደ ላይ የሚያዩ መሆናቸውንም አረጋግጡ፤ ተገልብጦ የሚተከል አይጠፋም። ከሁሉ በፊት ግን በበጋው ድርቅ ወር ቦታው ላይ አንድ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደተገኘ ለኩና ችካሉን እዚያ ደርሶ ከላይም ጥቂት እንዲቀር አድርጋችሁ ቁረጡ።