የሰሜን ሸዋ ጠላ በጠረንና በጣዕም

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የጠላው እህል እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል። በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በጣርማ በር ደጋ ዋናው ገብስ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል፤ እዚያ ማሽላ ይገባበታል። የገብስ ጠላ ወፈር ይላል፣ ቆሎ ቆሎ ይሸታል። የቆላው በሙቀቱ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል። የደጋው በብርዱ ቀስ ብሎ ነው የሚብላላው። እኔ የደጋውን እመርጣለሁ፤ ገብሱ በደንብ የሚሰማው እሱ ላይ ነው።

አጠማመቁ የትም ቢሆን ይቀራረባል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከብቅልና ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ቀናት ቆይቶ እንኩሮ (በውሃ ታሽቶ የታመሰ ዱቄት) ወይም ቂጣ ሲጨመርበት ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ በውሃ ይበጠበጥና የጋኑ አፍ ይመረጋል። እህሉ ሲቆላ ጠቆር ካለ ጠላውም ይጠቁራል፤ ቡና የመሰለ ምሬት ይዞ ይመጣል።

ትልቁ ልዩነት ግን ያለው ጋኑ ላይ ነው። ጋኑ መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል። ከዚያ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ በአፉ ይደፋበታል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ሸክላው ይጠጣዋል። ሆዱን በመዳፍ ሲነኩት ይሞቃል። ሲነሳ ውስጡ ቡናማ ሆኖ፣ ጠረኑ ቤቱን ይሞላል። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ የሚያውቅ ሰው ይህን ጠረን አይስተውም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ጠንካራ ቢራን ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ በርሜል ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ያቆያሉ። እንጨቱ የቫኒላና የኮኮናት ሽታ ይሰጠዋል። የአሜሪካ ቦርቦን ውስኪ በሕግ አዲስ፣ ውስጡ በእሳት የተለበለበ የኦክ ዕቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ያገለገለው በርሜል ለቢራ ጠማቂዎች ይተርፋል፤ የውስኪው ጠረንም ቢራው ላይ ይጋባል። ጠላ ግን እንጨቱ ውስጥ አይተኛም። የሚደርሰው ጭሱ ብቻ ስለሆነ ቫኒላ አይጠበቅም። የወይራ ጠረን ደረቅ ነው፤ መጀመሪያ አፍንጫ ላይ ይመጣል፣ ከተዋጠ በኋላ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ይመለሳል።

በጥንካሬ አይወዳደሩም። በቦርቦን በርሜል የቆዩት ቢራዎች ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ አልኮል ያልፋሉ። ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ ተጣርቶ ፊልተር የሚባለው ከ5 እስከ 6 በመቶ ገደማ ነው። ቅራሪ ከዚያም ይቀጥናል። ጠንካራ የሚሻ ዳግም አረቄ አለለት፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ጠላዎችን ለማወዳደር ሳይጠጡ ማሽተት ይሻላል። ጭስ ብቻ የሚሸት ከሆነ እጠረጥራለሁ፤ የበዛ ጭስ የብቅሉን ድክመት ይደብቃል። ጥሩው ላይ ጭሱና ገብሱ አብረው ይመጣሉ። ሲጎነጩት ትንሽ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ የጌሾው ምሬት ምላስ ጀርባ ላይ ይቀራል። ምሬቱ ምላስን ከያዘ ጌሾው በዝቷል። ጉሽ ከሆነ ደግሞ እህሉ ገና አልጠለለምና ፍርዱን ማቆየት ነው።

አንዴ ሰንበቴ ላይ ከአንድ ድፍድፍ የተጠመቀ ጠላ ከሁለት ጋን ቀምሻለሁ። አንደኛው ዓመታት ያገለገለ፣ ሌላው በደንብ ያልተሟሸ አዲስ ነበር። የአሮጌው ለስላሳ ነው፣ ጭሱም ከገብሱ ጋር ተዋህዷል። የአዲሱ አፈር አፈር ይላል። እህሉ አንድ፣ እጁ አንድ፣ ቀኑ አንድ! ለዚህ ነው በደንብ የተሟሸ አሮጌ ጋን ከቤት ወደ ቤት በውሰት ሲዞር የሚሳሳለት።

ቀጂዋ ለእንግዳ ከማቅረቧ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። መርዝ የለበትም ለማለት ነው ይባላል። ያን ቀን ከአዲሱ ጋን የቀዳችው ሴት ግን ቀምሳ ፊቷን ቋጠር አደረገች፣ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ አሮጌው ጋን ተመለሰች።