«ጄንት» ቅጂ ነው ወይስ ቅኝት?

ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን ሁለት ጓደኞቼ ስለ ሁለት የሜታል (የከባድ ሮክ) ባንዶች ተጨቃጨቁ። አንዱ «ፔሪፈሪ የመሹጋ ግልባጭ ነው» አለ፤ ሌላው «ጆሮህን ታከም» አለው። ጭቅጭቁን ያመጣው «ጄንት» የሚለው የሜታል አጨዋወት ስልት መጠሪያ ቃል ነው።

ቃሉ ድምፅን ያስመስላል። የጊታሩ ክሮች ላልተው በወፍራም ድምፅ ይቃኛሉ፤ የቀኝ መዳፍ ጠርዝ ክሩን አፍኖ ሲመታ «ጄንት» ያለ ይመስላል። በ1987 እ.ኤ.አ. በስዊድን የተመሠረተው መሹጋ በዚህ ላይ አስቸጋሪ አቆጣጠር ጨመረበት። ለምሳሌ ከበሮው በአራት ሲሄድ ጊታሩ በሰባት ቢዞር፣ ሁለቱ እንደገና እኩል የሚነሡት 28 ምት ካለቀ በኋላ ነው። የሻይ ብርጭቆ በማንኪያ እየመታሁ ላሳያቸው ሞክሬ 19 ላይ ጠፋብኝ።

ይህ ሁሉ ግን የአጨዋወት ስልት እንጂ ዜማ አይደለም። ለወሎ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ባቲም አምባሰልም የአገር ስም ናቸው፣ የቅኝት ስምም ናቸው። በአምባሰል ያዜመ ሁሉ ሌባ አይባልም፤ የሌላውን ዜማ ከነመታጠፊያው የወሰደ ግን ይባላል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሚጠብቀው ሐሳቡን ወይም ዘዴውን ሳይሆን የተገለጸበትን ሥራ ነው።

አሜሪካዊው ፔሪፈሪ አፈናውንና አቆጣጠሩን ከመሹጋ ተምሯል። መሹጋ ከዳር እስከ ዳር በሚጮኽበት ቦታ ግን እሱ ለስላሳ ዜማ ያስገባል። ስለዚህ ለእኔ ግልባጭ አይደለም። ከሁለቱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማን ማን እንደሆነ አይለዩኝም።