ስለ አገሮች የሥራ ባህል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጀርመን ፊት ለፊት ይናገራል፣ ጃፓናዊ ዝም ይላል፣ አሜሪካዊ ይቸኩላል።» እንዲህ ያለ ወሬ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሰዎች አብረው በሚሠሩበት ቦታ ሁሉ ይሰማል። ስልጠና ላይም በሰንጠረዥ ተደግፎ ይቀርባል። እኔ ጉዳዩን አክብጄ ነው የማየው። ምክንያቱም በዚህ ወሬ ሰው ይቀጠራል፣ እድገት ይከለከላል፣ ሐሳቡም ሳይሰማ ይቀራል። በብዛት የሚነገሩትን ስህተቶች ላንሳቸው።

«ሥራ ሥራ ነው፤ ባህል ከቢሮ በር ውጭ ይቀራል»

አይቀርም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ኔዘርላንዳዊው ተመራማሪ ኸርት ሆፍስቴዴ የሠራው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም በብዙ አገሮች ላሉ ሠራተኞቹ መጠይቅ አስሞልቶ ነበር። ከ100,000 በላይ ቅጾች ተሰበሰቡ። ኩባንያው አንድ ነው፤ ሥራውም ይመሳሰላል። መልሱ ግን ከአገር አገር ተለያየ። ለምሳሌ ሠራተኞች ከአለቃቸው የተለየ ሐሳብ ለመናገር ምን ያህል ይፈራሉ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ በጣም የተራራቀ መልስ አገኘ። ሆፍስቴዴ 1980 ላይ ውጤቱን ሲያሳትም ልዩነቶቹን በ4 መለኪያዎች አስቀመጣቸው፤ ለየአገሩም በእያንዳንዱ መለኪያ ነጥብ ሰጠ። ከሁሉም በላይ የታወቀው «የሥልጣን ርቀት» የሚባለው ነው። በአለቃና በበታች መካከል ያለውን ርቀት ሰዎች ምን ያህል እንደ ተገቢ ነገር ይቀበሉታል ማለት ነው።

«የአገሩን ነጥብ ካወቅኩ ሰውየውን አወቅኩት»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። የአገር ነጥብ አማካይ ነው። ከፊታችሁ የተቀመጠችው የሒሳብ ባለሙያ ደግሞ አማካይ አይደለችም። ሆፍስቴዴ ራሱ ቁጥሮቹ ግለሰብን ለመገመት እንዳይውሉ አስጠንቅቋል። 2016 ላይ የብዙ መቶ ጥናቶችን መረጃ አሰባስቦ የወጣ አንድ ትንተና፣ በባህላዊ እሴቶች ላይ ከሚታየው ልዩነት 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአንድ አገር ሰዎች መካከል ያለ ልዩነት መሆኑን አሳይቷል። በአገርና በአገር መካከል ያለው የቀረው 20 በመቶ ገደማ ነው። ባለሙያዋ ያደገችበት ቤት፣ ሙያዋ፣ ዕድሜዋ፣ ከዚህ በፊት የሠራችበት መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ቁጥሩ ራሱም ቢሆን እንደ ሰውነት ሙቀት በትክክል የተለካ አይደለም። የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች የአገራቸውን ሕዝብ ሁሉ አይወክሉም። በአይቢኤም መረጃ ላይ በተመሠረተው ሰንጠረዥ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብለው በአንድ ነጥብ ተጠቃለዋል። ጋና፣ ናይጄሪያና ሴራሊዮን ደግሞ «ምዕራብ አፍሪካ» ተባሉ። አራት አገር አንድ ላይ የተጨመቀበት ቁጥር ስለ አንዱ አገር ብዙ ሊነግረን አይችልም። ስለ አንድ ሰውማ ጭራሽ።

«አለቃ በሚፈራበት አገር ብቻ ነው ሰው አደጋ እያየ ዝም የሚለው»

ይህን ሐሳብ የሚያነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የእስያ ወይም የላቲን አሜሪካ የአውሮፕላን አደጋዎችን ይጠቅሳሉ። ረዳት አብራሪው ዋናውን ለማረም ፈራ፣ አውሮፕላኑ ወደቀ፣ ጥፋቱ የባህል ነው ይባላል።

እስቲ ወደ መጋቢት 27 ቀን 1977 እንመለስ። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በካናሪ ደሴቶች፣ ቴነሪፌ ላይ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጩ። 583 ሰዎች ሞቱ። በአቪዬሽን ታሪክ ከደረሱ የአውሮፕላን አደጋዎች ይህን ያህል ሕይወት የቀጠፈ ሌላ የለም። ለመነሳት እየተንደረደረ የነበረው የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም ነው። የመነሻ ፈቃድ ገና አላገኘም ነበር። የበረራ መሐንዲሱ በሬዲዮ የሰማው ነገር አሳሰበው። ሌላኛው፣ የአሜሪካው የፓን አም አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል ብሎ አረጋገጠለት። መሐንዲሱም ረዳት አብራሪውም ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩም። ካፒቴኑ በኩባንያው እጅግ የተከበረ፣ ሌሎች አብራሪዎችን የሚያሠለጥን ሰው ነበር።

አሁን ሰንጠረዡን እዩት። የኔዘርላንድ የሥልጣን ርቀት ነጥብ 38 ነው። የማሌዥያ 104 ነው። ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ርቀቱ ይሰፋል። ኔዘርላንድ ሰው አለቃውን በግልጽ ይሞግትበታል ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። በዚያች ቅጽበት ግን ነጥቡ ማንንም አላዳነም። በእርግጥ በአንድ አደጋ የአገር አማካይ አይሻርም። የሥልጣን ርቀት ሰፊ በሆነበት ቦታ ዝምታው ሊበዛ እንደሚችልም አልክድም። ነገር ግን ማዕረግ፣ ድካም፣ ጥድፊያና የአንድ ሰው ዝና ከየትኛውም አገር የመጣን አፍ ሊያዘጉ ይችላሉ።

አየር መንገዶችም መፍትሔውን ዜግነት ላይ አልፈለጉም። ናሳ 1979 ላይ በጉዳዩ ዙሪያ ዐውደ ጥናት አካሄደ። ዩናይትድ አየር መንገድ 1981 ላይ ለበረራ ቡድኖች ስልጠና ጀመረ። የበታቹ ስጋቱን እንዴት አጥብቆ እንደሚናገር፣ የበላዩም እንዴት እንደሚያዳምጥ የሚያስተምር ስልጠና ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ አብራሪዎች ይወስዱታል።

«በአንዱ ነገር ግልጽ የሆነ በሁሉም ግልጽ ነው»

አይደለም። ብዙ አሜሪካውያን ሥራን ዘርዝረው፣ ጽፈው፣ ምንም ሳያስቀሩ ይነግሯችኋል። የሠራችሁትን ሲተቹ ግን ሦስት ምስጋና ያስቀድሙና ትችቱን መሐል ላይ ይሸጉጡታል። አለቃቸውን በስሙ ይጠሩታል፤ ውሳኔውን ግን ብዙ ጊዜ አለቃው ብቻውን፣ ቶሎ ይወስነዋል። በባህላዊው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ ማዕረግ በጣም ይከበራል። ሆኖም የውሳኔ ሐሳብ ከታች ተነስቶ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞሮ፣ የእያንዳንዱ ማኅተም አርፎበት ነው ላይ የሚደርሰው። ውሳኔው ይዘገያል፤ አፈጻጸሙ ግን ይፈጥናል። ስለዚህ «እዚያ አለቃ የሚለው ብቻ ነው የሚሆነው» ብሎ ታች ያሉትን ዘሎ ላይኛውን ብቻ ለማሳመን የሚሄድ ሰው በተሳሳተ በር ነው የሚያንኳኳው።

«የውጭ ኩባንያ ከከሰረ ባህል ስላልገባው ነው»

የአሜሪካው የችርቻሮ ኩባንያ ዋልማርት 1997 ላይ ጀርመን ገባ፣ 2006 ላይ ሱቆቹን ሸጦ ወጣ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ሠራተኞቹ ለደንበኛ ፈገግ እንዲሉ መታዘዛቸውና ጀርመኖች ይህን አለመውደዳቸው ነው። ፈገግታ ግን ያን የሚያህል ኩባንያ አይጥልም። አልዲና ሊድል የሚባሉት የጀርመን ሱቆች በርካሽ ዋጋ ገበያውን ይዘውት ነበር። 2000 ላይ የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን ዋልማርትን አንዳንድ ሸቀጦችን ከገዛበት ዋጋ በታች መሸጡን እንዲያቆም አዘዘው። 2005 ላይ ደግሞ ፍርድ ቤት የሥነ ምግባር ደንቡን ክፍሎች ሻረበት። ከነዚህ አንዱ በሠራተኞች መካከል የፍቅር ግንኙነትን የሚገድበው ነበር። በጀርመን ሕግ ሠራተኞች የመረጡት ምክር ቤት እንዲህ ባሉ ደንቦች ላይ ድምፅ አለው። እኛ «ባህላቸው ነው» የምንለው ነገር አንዳንዴ በግልጽ የተጻፈ ሕግ ነው። ለሕግ ደግሞ ጠበቃ እንጂ የባህል አሠልጣኝ አይበቃም።

«ባህላቸውን ላከብር ከፈለግኩ እንደነሱ መሆን አለብኝ»

ማንም ይህን አይጠብቅባችሁም። የሌላውን አነጋገርና ሰላምታ መቅዳት አንዳንዴ እንደ ማላገጥ ይታያል። የሚረዳው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ነገሮችን በግልጽ መነጋገር ነው። ውሳኔ የማን ነው? አልስማማም የሚል ሰው በስብሰባ ላይ ይናገር ወይስ ለብቻው? የተባለው ቀን ቁርጥ ነው ወይስ ግምት? ጥያቄዎቹን በጽሑፍ አስቀድሞ መላክም ጥሩ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚሠራ ሰው ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። በስብሰባውም ላይ አዲሶቹ መጀመሪያ፣ አለቃው መጨረሻ ቢናገር ይመረጣል። እና «ግልጽ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ የትም ቦታ «አዎ» ነው። «የትኛው ክፍል ያስቸግራችኋል?» በሉና ለመልሱ ጊዜ ስጡ።