የሩቅ ጅራታም ኮከብ ምህዋር እንዴት ይወጣል? የበርናርዲኔሊ-በርንስታይን ጅራታም ኮከብ እንደ ማሳያ

ረጅም ዑደት ያላቸው ጅራታም ኮከቦች ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር ከ200 ዓመት በላይ፣ አንዳንዶቹም ሚሊዮን ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ምህዋራቸውን ማውጣት ማለት ስድስት ቁጥሮችን ማግኘት ነው፦ ለፀሐይ በጣም የሚቀርቡበት ርቀት፣ የሚቀርቡበት ቀን፣ ምህዋሩ ከክብ ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚናገረው ኤክሰንትሪሲቲ፣ እንዲሁም ምህዋሩ በጠፈር ውስጥ እንዴት እንደተጋደመ የሚገልጹ ሦስት ማዕዘኖች። አንድ ፎቶ ግን የሚሰጠው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ በሰማይ ላይ ያለውን ኬንትሮስና ኬክሮስ። ርቀት አይታይም። ሦስት ምልከታ ስድስት ቁጥር ስለሚሆን በሂሳቡ ይበቃል፤ የሂሳብ ሊቁ ጋውስም እ.ኤ.አ. በ1801 ከዓይን የጠፋችውን ድንክ ፕላኔት ሴሬስን ያስገኘው በዚህ መንገድ ነበር። ለሩቅ አካል ግን ሦስት ምልከታ ምንም ያህል አያስኬድም።

ምክንያቱን የበርናርዲኔሊ-በርንስታይን ጅራታም ኮከብ (በይፋዊ መለያው ሲ/2014 ዩኤን271) በግልጽ ያሳያል። ይህ ጅራታም ኮከብ በቺሊ በሚገኘው የብላንኮ ቴሌስኮፕ ላይ በተገጠመው የዳርክ ኢነርጂ ካሜራ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 ፎቶ ተነሣ፤ ፔድሮ በርናርዲኔሊና ጋሪ በርንስታይን ከፎቶ ክምችቱ ውስጥ ለይተው ያወጡትና ይፋ የሆነው ግን በጁን 2021 ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ጊዜ ከፀሐይ 29 የሥነ ፈለክ አሃድ ይርቅ ነበር፤ አንዱ አሃድ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ነው። ከዚያ ርቀት አንድ አካል ከፀሐይ ተቃራኒ ሲሆን በሰዓት የሚንቀሳቀሰው ወደ 4 የቅስት ሰከንድ ብቻ ነው፤ የቅስት ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። ከዚህም አብዛኛው የእኛው እንቅስቃሴ ነው። ምድር ስትዞር የኮከቡ ቦታ በዓመት ውስጥ ወደ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ዲግሪ ያህል ይወዛወዛል። ርቀቱ የሚታወቀው ከዚህ ውዝዋዜ ስለሆነ የጥቂት ቀናት ምልከታ ብቻ የያዘ ሰው ሩቁን ከቅርቡ በደንብ አይለይም፤ ስለዚህ ለጊዜው ኤክሰንትሪሲቲው 1 ነው፣ ማለትም መንገዱ ፓራቦላ (የማይዘጋ፣ ወደ ፀሐይ የማይመለስ ኩርባ) ነው ብሎ ይጀምራል።

ሞላላውን ከፓራቦላ መለየት ከሁሉም ይከብዳል። በ29 አሃድ ላይ የኮከቡ ፍጥነት በሰከንድ 7.8 ኪሎሜትር ገደማ ነበር። ወደ 20,000 አሃድ የሚደርስ የምህዋር ግማሽ ርዝመት ባለው ሞላላና በፓራቦላ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ግን በሰከንድ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ በዓመት ተጠራቅሞ 90,000 ኪሎሜትር ያህል ቢሆንም ከምድር ሲታይ ቢበዛ 4 የቅስት ሰከንድ ነው፤ ኮከቡ በአብዛኛው ወደ እኛ አቅጣጫ ስለሚመጣ ከዚያም ያነሰው ብቻ ይታያል። ለዚህ ነው የቆዩ ፎቶዎች እንደ ወርቅ የሚፈለጉት። ለዚህ ኮከብ ከቪስታ ቴሌስኮፕ ክምችት እ.ኤ.አ. የ2010 ፎቶ ተገኝቶለት፣ ያኔ በ34 አሃድ ላይ ስለነበር፣ የምልከታው ዘመን በአራት ዓመት ረዘመ።

ልኬቱ ራሱ የሚሠራው ኮከቡን በፎቶው ላይ ካሉ ከዋክብት ጋር በማመሳከር ነው፤ የዛሬው መለኪያ ጋያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የለካችው የከዋክብት ቦታ ዝርዝር ነው። የሰዓት ስህተት እዚህ ብዙ አይጎዳም፦ በሰዓት 4 የቅስት ሰከንድ ለሚሄድ አካል የ10 ሰከንድ መዛነፍ የሚያመጣው የቅስት ሰከንድ 100ኛ ብቻ ነው። የብርሃን መዘግየትን መርሳት ግን ስሌቱን ያበላሻል። ብርሃኑ ከ29 አሃድ ለመድረስ 4 ሰዓት ይፈጅበታልና የምናየው ከ4 ሰዓት በፊት የነበረበትን ቦታ ነው፤ ይህ ካልታረመ ቦታው እስከ 3 የቅስት ሰከንድ ይሳሳታል።

ሌላው ችግር ጋዝና አቧራው ነው። ይፋ በሆነ በቀናት ውስጥ በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ባሉ ቴሌስኮፖች ጭጋግ እንደከበበው ታየ። ጭጋጉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የብርሃኑ መሐል ወደ ጅራቱ ስለሚሳብ አስኳሉ (ጠጣሩ የኮከቡ አካል) በሌለበት ይለካል። መድኃኒቱ ሰፊውን ጭጋግ ትቶ መሐል ያለውን ጥቂት ፒክስል ብቻ መለካት ነው። ለፀሐይ በሚቀርቡ ጅራታም ኮከቦች ላይ ደግሞ የሚፈነዳው ጋዝ አስኳሉን እንደ ሮኬት ይገፋዋል፤ ማርስደን፣ ሴካኒናና ዮማንስ በ1973 ያወጡት ቀመር ግፊቱን በሦስት ተጨማሪ ቁጥሮች ይወክለዋል። ቀመሩ ግን የተሠራው ለውሃ በረዶ ነው። በሩቅ የሚተነው በዋናነት እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለው ስለሆነ እንዳለ መውሰዱ ያሳስታል።

በመጨረሻ ሁሉም ምልከታዎች በአንድነት ገብተው፣ የፕላኔቶች ስበት ተጨምሮ፣ በሊስት ስኩዌርስ፣ ማለትም በተሰላውና በተለካው ቦታ መካከል ያሉትን ልዩነቶች የካሬ ድምር በሚያሳንስ ዘዴ፣ ይስተካከላሉ። ከተሰላው ቦታ በእጅጉ የራቀ ልኬት ተመርምሮ ይወጣል። ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ፀሐይን ብቻ ማዕከል አድርጎ የወጣው ኤክሰንትሪሲቲ ነው፦ ጁፒተር ፀሐይን ስለምታንቀሳቅሳት ቁጥሩ ከቀን ቀን ይለዋወጣል፣ ከ1 በልጦም አካሉን ከሌላ ኮከብ ሥርዓት የመጣ ሊያስመስለው ይችላል። ትክክለኛውን መነሻ ለማወቅ ጉዞው ወደ ኋላ እስከ 250 አሃድ ተሰልቶ፣ ከመላው የፀሐይ ሥርዓት የክብደት ማዕከል አንጻር ይለካል። በዚህ መንገድ የበርናርዲኔሊ-በርንስታይን ኮከብ ከ40,000 አሃድ ገደማ፣ የፀሐይን ሥርዓት ከሩቅ ከከበበው የበረዷማ አካላት ክምችት፣ ከኦርት ደመና፣ እንደመጣ ታውቋል። ለፀሐይ በጣም የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2031 ሲሆን ያኔም ከሳተርን ምህዋር ትንሽ ወጣ ብሎ በ10.95 አሃድ ያልፋል።